ደወሉ ዝም እስኪል

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ፣ ነጠላዬን ሳላወልቅ በሩ ላይ እንደቆምኩ፣ ጎረቤቴ አዛውንቱ ከትልቁ መኪናቸው ጎማ ሥር ተንበርክከው አየኋቸው። እኔ ያለሁበት ፐርዝ፣ አስፋልቱ ከሰፈራችን ጫፍ ላይ ያልቅና አሸዋ ይጀምራል፤ ከአሸዋው ቀጥሎ ባሕር ነው። ሰዉ ወደዚያ ከመግባቱ በፊት ከጎማው ንፋስ ይቀንሳል። ስንት ዓመት እያየሁት አልፌያለሁ። ያን ቀን ግን ያ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ መንገዱን ተሻግሮ መጥቶ እግሬን ያዘኝ።

ተጠጋሁ። የኋላው ወንበር ላይ ትንሿ የልጅ ልጃቸው አንገቷን ጥላ ተኝታለች። አዛውንቱ በአንድ እጃቸው ጎማውን፣ በሌላው ስልካቸውን ይዘዋል። ጎማው ከመኪናው ጋር የመጣ አይደለም፤ ቆይተው ያስገጠሙት፣ ከወገባቸው የሚደርስ ግዙፍ ነው። በዚህ አገር ቋንቋ አንቱታ የለም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ እላቸዋለሁ።

«ስንት ላይ ያቆሙታል?» አልኳቸው።

«ስልኩ ያለኝ ላይ» ብለው ሳቁ። ከዚያ ጎማውን አዩና ራሳቸውን አከክ አከክ አደረጉ። «ስልኩ የሚያውቀው ግን የድሮውን ጎማ ነው። ይኼን እንጃ።»

ይህቺ «እንጃ» ናት የወሰደችኝ። አባቴ ጎማ ፊት ቁጢጥ ብሎ «እንጃ» ሲል የሰማሁት በዕድሜዬ አንድ ቀን ብቻ ነው።

አባቴ ኩልመስክ ውስጥ ጎማ ጠጋኝ ነበር፤ ጎሚስታ ይሉታል፣ አያ ይመር ጎሚስታ። ሱቅ የምንለው ከመንገዱ ዳር የቆመ የቆርቆሮ ጥላ ነው፤ ሥሩ ለሁለት የተከፈለ በርሜል፣ ክሪክ፣ ጎማ መፈልቀቂያ ብረቶች፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ አንድ የንፋስ መለኪያ። ታኅሣሥ ላይ የበርሜሉ ውሃ ሌሊት ይረጋና ጠዋት በድንጋይ እንሰብረዋለን። የኔ ሥራ ቀዳዳ መፈለግ ነበር። የተነፋውን የውስጥ ላስቲክ ውሃው ውስጥ እደፍቅና አረፋው ከየት እንደሚወጣ እጠብቃለሁ፤ ውሃው ደፍርሶ አልታይ ካለኝ በመዳፌ እየዳበስኩ አገኘዋለሁ። በዚያ ብርድ! ጣቶቼ እንደ ቀይ ሥር ይሆናሉ። እናቴ «የሴት ልጅ እጅ እንዝርት ነው የሚያምርበት» እያለች ትቆጣለች። አባቴ ደግሞ «ተያት፤ የዚች ልጅ መዳፍ ይሰማል» ይላታል። ሲያሾፍ ይመስለኝ ነበር።

ከኩልመስክ በላይ፣ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ አፍጥጦ የሚያይ አንድ አምባ አለ። አምባው ላይ ገብርኤል አለ፤ ላይ ገብርኤል እንለዋለን። አያቶቻችን እዚያ የሚጠሩት በድንጋይ ደወል ነበር፤ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ በገመድ ተንጠልጥሎ በሌላ ድንጋይ ይመታል። የመጀመሪያውን የነሐስ ደወል ያመጣላቸው ሰይድ ነው። ሰይድ የቆላ ሰው፣ የሐራ እስላም፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ያን ጊዜ ገና ወጣት ሳለ፣ ደወሉን መኪናው ወለል ላይ አጋድሞ ሲወጣ፣ ከአምባው በታች ደረጃ የመሰለ ድንጋይ ላይ መኪናው ዘለለ፤ ደወሉም ከብረቱ ጋር ተላተመ። ማንም ያየ የለም። መሰንጠቁ የታወቀው ተሰቅሎ የተመታ ዕለት ነው። ሕዝቡ እልል ሊል አፉን ከፍቶ ሲጠብቅ ደወሉ እንደ ገል «ቀጭ» አለ።

ስሙም በዚያው «ገሉ» ሆኖ ቀረ። «ገሉ ደውሏል፣ ተነሡ እንጂ!» ይባላል። እኔም በየበዓሉ ወደ አምባው እየወጣሁ ያደግሁት በዚያ ድምፅ ነው። ሰይድን ግን አንድ ሰው እንኳ ክፉ አልተናገረውም። ቢናገሩት ይሻለው ነበር መሰለኝ። ከሞተር ጩኸት የተነሣ ግራ ጆሮው ደንቁሯል፤ ሱቃችን ባለፈ ቁጥር ይቆምና ለአባቴ «ወላሂ ይመር፣ የገዛ ሞተሬን አልሰማም፤ ያንን ገል ግን እሰማዋለሁ» ይለዋል። አባቴ «እዚህ ድረስ እኮ አይሰማም» ሲለው፣ «ላንተ ነዋ» ብሎ ይሄዳል።

ዓመታት አልፈው ሕዝቡ አዋጥቶ ሁለተኛ ደወል ሲገዛ፣ ሰይድ ሳይጠሩት መጣና «እኔ ነኝ የማመጣው» አለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የደብሩ አለቃ መምሬ አያሌው ነበሩ ቀድመው የተናገሩት።

«ያንን ድንጋይ ከመታው ሰው በላይ የሚያውቀው የለም። ሰይድ ያምጣው» አሉ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሦስተኛ የምንገዛበት አቅም ግን የለንም፣ ልጄ።»

እኔ ያን ጊዜ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ለታኅሣሥ ገብርኤል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት መኪናው ከሙጃ በኩል መጣ። ከመኪናው በፊት የደረሰው የገበያተኛው ሳቅ ነው። ሰይድ የመኪናውን ጎማዎች ሁሉ አውልቆ፣ ከአንድ አሮጌ የመንገድ ሥራ መኪና የተፈቱ፣ ደረቴ የሚደርሱ ግዙፍ ጎማዎች አስገጥሞባታል።

«ሰይዶ! መኪናህ የአባቷን ጫማ አጥልቃ መጣች?» አለ አንዱ ባለሱቅ።

«ወደ ገብርኤል የሚሄድ ሰው ጫማ ያወልቃል፤ ይኼ ጭራሽ ጨመረ!» አለ ሌላው።

ሰይድ አልሳቀም። ከጋቢናው ወርዶ በቀጥታ ወደ አባቴ መጣ። «ትልቅ ጎማ ድንጋይ ይውጣል ብዬ ነበር፣ ይመር። ይኸው ከወልድያ ጀምሮ እንደ ኳስ እያነጠረ አመጣኝ።» ደወሉን እንደ ድሮው አላጋደመውም። ከመኪናዋ ግራ ስፖንዳ፣ ከጎን ግድግዳዋ፣ ወደ ቀኙ ስፖንዳ ወፍራም ግንድ አጋድሞ፣ ደወሉን ከግንዱ ላይ በገመድ አንጠልጥሎ፣ ዙሪያውን በፍራሽና በባቄላ ገለባ ከቦታል። መምቻውንም አውልቆ በጆንያ ጠቅልሎታል። አብረውት ከወልድያ የመጡት መምሬ አያሌው ፊታቸው ገርጥቷል። «ምላሱ ወልቋል፤ ግን እያንዳንዷ ድንጋይ ላይ ያቃስታል። ገና ከከባዱ መንገድ ሳንደርስ!» አሉ።

አባቴ ከጎማው ፊት ቁጢጥ አለ። «ስንት ሞላኸው?»

«እዚህ ጎኑ ላይ የተጻፈውን።»

«ይኼ እኮ መቻሉ ነው የተጻፈው፤ መፈለጉ አይደለም። ይኼ ጎማ ተራራ ሲሸከም የኖረ ነው፤ ያንተ መኪና ለሱ ላባ ናት።»

«እና የሚፈልገው ስንት ነው?»

አባቴ ጎማውን በመፈልቀቂያው ብረት ጠቅ ጠቅ አደረገው። ብረቱ ነጥሮ ተመለሰ። «እንጃ» አለ።

ይህ ቀላል ቃል አልነበረም። እኛ የድንጋይ አገር ሰዎች ነን፤ ላሊበላን ከአንድ አለት ያወጣ አገር ልጆች። የምናከብረው የጠነከረውን ነው። ጎማም ድንጋይ ሲያክል ነው ደኅና የሚባለው፤ ሹፌሩ መጥቶ «ንፋው፣ ድንጋይ አድርግልኝ» ይላል፣ አባቴም ያደርግለታል። ጭነት ሲበዛ ንፋስ ይጨመራል፤ ሕጉ ይኸው ነበር። ንፋስ እንዲቀነስለት ብሎ ሱቃችን የመጣ ሰው አላስታውስም።

«ስንት ዓመት ጎማ ነፍተህ፣ እንጃ?» አለ ሰይድ ተቆጥቶ።

«የማላውቀውን ጎማ ነው ያመጣህብኝ። አትጩህብኝ። ራሱን እንጠይቀው።»

እናቴ ቤት የምትቀባበት ነጭ አፈር ነበራት። አባቴ በባልዲ በጠብጬ እንዳመጣ አዘዘኝ። በጭድ እያጠቀሰ የጎማውን ፊት ከዳር እስከ ዳር ቀባውና፣ ሰይድ መኪናዋን ከገበያው ጀርባ ባለው ጠፍጣፋ ጥቁር አለት ላይ ትንሽ እንዲያስኬዳት አደረገ። አለቱ ላይ የታተመው መሐል ለመሐል አንዲት ቀጭን ነጭ ሰንበር ብቻ ናት። «አየሃት? ያን የሚያህል ጎማ መሬት የሚነካው በዚች ብቻ ነው። ባንድ ጣቷ የምትራመድ መኪና እንዴት አትዘልም?» አለ አባቴ። ቫልቮላውን፣ ያችን የንፋስ መግቢያ አፍ፣ ጫን አላት። ጎማው «ሽሽሽ» አለ። እንደገና ቀባ፤ ሰንበሯ ሰፋች።

«ደወሉስ?» አለ ሰይድ። «የኔ ጆሮ እንደሆነ...»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ደግሞ ወደ መምሬ አየሁ። «መምሬ፣ እኔ ልንካው?»

«ገና አልተባረከም፣ ልጄ። እስኪባረክ ድረስ ነሐስ ነው። ንኪው፤ ከተባረከ በኋላ የት ታገኚዋለሽ!»

ወጥቼ ከገለባው መሐል ተቀመጥኩ፤ መዳፌንም ደወሉ ላይ አሳረፍኩ። እንደ በርሜላችን ውሃ ይቀዘቅዛል። መኪናዋ ድንጋያማው ላይ ስትደርስ፣ ድምፁ ጆሮዬ ሳይደርስ በፊት መዳፌ ውስጥ ገባ፤ ከመዳፌ ወደ ክርኔ፣ ከክርኔ ወደ ጥርሴ። እንዴት ልንገራችሁ? አንድ ትልቅ ነገር በውስጡ ይጠብቅ ነበር። ድምፅ ሳይሆን የድምፅ እናት። ጸጉሬ በሻሼ ሥር ቆመ።

«ምን አለ?» ይላል አባቴ ከታች።

«ጮኸ!»

ንፋስ ያወጣል፤ መኪናዋ ተመልሳ ትመጣለች። «አሁንስ?»

«አቃሰተ።»

«አሁንስ?»

«አጉተመተመ።»

ገበያተኛው ከቦናል። «አያ ይመር፣ ንፋስ መሸጥ ትተው መድፋት ጀመሩ?» ይላሉ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ «ይኼን ሁሉ ንፋስ ከሚደፉት ለአውድማችን በሰጡን፤ ገብሱን እናዘራበት ነበር!» ብላ ሰዉን በሳቅ ጨረሰችው። አባቴ አይሰማም። ቀብቶ ያትማል፣ ያያል፣ ያስተነፍሳል። አንድ ጊዜ አበዛው፤ ኅትመቱ ዳርና ዳሩ ነጥቶ መሐሉ ደበዘዘ፣ የጎማው ጎንም እንደ ጠገበ በሬ ሆድ ተዘረገፈ። «ከዚህ በታች አይኬድም» አለ። «ድንጋይ ጎኑን ይነክሰዋል፤ ከቸርኬው፣ ከብረቱ ነቅሎ ይጥለዋል።» ትንሽ መለሰበት። ለፊት ጎማዎች፣ ሞተሩን ስለሚሸከሙ፣ ትንሽ ጨመረላቸው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኅትመቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነጣ፤ በመዳፌም ሥር ደወሉ የተኛ ሰው እንደሚተነፍሰው ያህል ብቻ ሆነ።

«ተነፈሰ» አልኩ።

«እንግዲህ ይኼ ነው» አለ አባቴ። መለኪያውን አየና ቁጥሩን ለራሱ አጉተመተመ፤ ጎኑ ላይ ከተጻፈው ግማሽ አይሞላም። «ግን ጠዋት እንደገና ይለካል። ንፋስም ይበርደዋል።»

ማታ እኛ ቤት አደሩ። ጾመ ነቢያት ስለነበር እናቴ ሽሮና ስልጆ አቀረበች። ሰይድ ከቆላ ያመጣውን ተምር አውጥቶ «መምሬ፣ ይኼ እንኳ ደም የለውም» ብሎ ዘረጋላቸው። ስልጆውን ሲቀምስ ግን ሰናፍጩ አፍንጫውን መታውና እንባው ዱብ ዱብ አለ። «እናንተ ጾማችሁን አትጾሙም፣ ትዋጉታላችሁ!» አለ። መምሬ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ጠዋት ውርጩ መሬቱን ጨው የተነሰነሰበት አስመስሎታል። አባቴ እየዞረ ለካ፤ እንዳለውም ንፋሱ ወርዶ አገኘው፤ ከመኪናዋ የፍሬን ንፋስ ቋት በቱቦ ስቦ ትንሽ ሞላ። ተነሣን። እኔ ከደወሉ ጋር ገለባ ውስጥ፣ አባቴ ስፖንዳው ላይ፣ መምሬ ከሰይድ ጋር ጋቢና። መንገዱ የታጨደ የገብስ ማሳ ለማሳ ይወጣል። በየአውድማው የሚያበራዩ ሰዎች በሬዎቻቸውን አቁመው ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። አቡነ ዮሴፍ ደመና ተከናንቦ ከፊታችን ቆሟል።

ከዚያ ድንጋይ ስንደርስ ሰይድ ሞተሩን አጠፋ። የደወል ድንጋይ ነው የሚሉት፤ ስም አውጥተውለታል። ሰይድ ወረደና ድንጋዩን በእጁ ዳበሰው። «እዚህ ላይ ነው» አለ፤ ማንም ሳይጠይቀው። መምሬ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ እሱም ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ሁለቱም ለየብቻቸው፣ ጎን ለጎን። ከዚያ በአንደኛ ማርሽ፣ እየዳኸ ገባበት። ከላይ ሆኜ የፊቱን ጎማ አየሁት። አልዘለለም። ድንጋዩን አቀፈው። እንደ ሊጥ ተጎንብሶበት፣ ቅርጹን ይዞ፣ ወጥቶ ወረደ፤ የኋላውም ተከተለው። መዳፌ ሥር ትንፋሽ ብቻ።

ሰይድ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ምን አለ?»

«ምንም አላለ፣ አያ ሰይድ!»

«በደንቆሮው በኩል ነው የነገርሽኝ፤ ድገሚው!»

«ምንም አላለ!»

አለቀ ብለን ነበር። መንገዱ ታጥፎ የመጨረሻው ዳገት ሲታየን ግን ሰይድ ፍሬን ያዘ። ዳገቱ አረንጓዴ ነው። ከታች እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድረስ ቄጠማ ተነጥፎበታል። የደብሩ ሴቶች ከምንጩ ረግረግ ከንጋት ጀምረው አጭደው፣ ውርጩ እንዳለበት፣ እርጥቡን፣ ክንድ በሚያህል ውፍረት አንጥፈውት ዳርና ዳር ተሰልፈዋል። የከበረ እንግዳ መሬት ይረግጣል እንዴ? ደወል ሲገባ ቄጠማ የማያነጥፍ ማን አለ? እልልታው ገደሉን አስተጋባ።

ሰይድ ምን ያድርግ? ገባበት። መኪናዋ ጥቂት እንደወጣች የኋላ ጎማዎቹ ባሉበት ይሽከረከሩ ጀመር፤ ቄጠማው ወደ ኋላ ተረጨ፤ መኪናዋም ቀስ ብላ፣ እንደ ቂቤ፣ ወደ ኋላና ወደ ገደሉ ወገን ተንሸራተተች። ደወሉም ጮኸ። በመዳፌ ሳይሆን፣ አገሩ ሁሉ በሰማው ድምፅ። እልልታው ተቆረጠ። ወንዶች ሮጠው ከጎማው ኋላ ድንጋይ ታኮ አደረጉ። ቆመች። ከኔ ጎን ገደሉ ነበር፤ ታች የሚበር ቁራ ጀርባው ይታየኛል።

«እኔ ነኝ ያስነጠፍኩ!» እያሉ አንዲት አሮጊት መነኩሴ፣ እማሆይ ወለተ ሐና፣ ፊታቸውን ይዘው አለቀሱ። «እንግዳ በባዶ መሬት አይገባም ብዬ! እጄን ይቁረጠው!»

«እማሆይ፣ ለሚያከብሩት ቢያነጥፉ ምን ጥፋት አለብዎት?» አሏቸው መምሬ። ቄጠማውን ሊያነሡ ሞከሩ፤ ግን ከሥሩ ያለው ዋልካ በቀለጠው ውርጭና በስንት ሰው እግር ተቦክቶ ከቄጠማው የባሰ አንሸራታች ሆኗል።

ሰይድ ወርዶ ጎማዎቹን እያየ ቆየ። «ግመል አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አለ።

«የት አባታችን አይተን!» አለ አንዱ ደገኛ።

«እግሩ ኮቴ አይደለም። ሲረግጥ ይሰፋል። አሸዋ አይውጠውም።»

«ግመል ጭቃ ላይ ሲገነደስ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ አባቴ።

«ጥፍር የለውማ! ይኼ ጎማ ጥፍር አለው። አስተንፍሰው፣ ይመር።»

«ከትናንቱ በታች?»

«ከትናንቱ በታች።»

አባቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እኔ ግን ሰማሁት። «እዚህ ጥግ ላይ ጎማው ከብረቱ ከወጣ መኪናውም ደወሉም አንተም እዚያ ታች ናችሁ።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ነይ ውረጂ።»

ሰይድ እንደማይሰማ፣ እኔ ከወረድኩ የደወሉን ነገር የሚነግረው እንደሌለ አባቴም ያውቃል። ድፍረት አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም፤ ደረጃ ስወርድ እንኳ ግድግዳ የምይዝ ሰው ነኝ። ግን ያ ጩኸት መዳፌ ውስጥ ነበር።

«አባዬ፣ ሊያቃስት ሲል አስቀድሞ ይሰማኛል» አልኩት። «ያኔ እጄን አነሣለሁ፤ ታኮ ታደርጋላችሁ።»

አባቴ ይዞት የመጣውን የነጭ አፈር ባልዲ አወረደ። ከኋላ ጎማዎቹ በእያንዳንዳቸው ላይ፣ ከጎማው ጀምሮ ብረቱ ላይ የሚያልቅ አንድ ነጭ መስመር አሰመረ። «መስመሩ ከተሰበረ ጎማው ከብረቱ እየከዳ ነው። እኔ መስመሩን አያለሁ። አንቺ ደወሉን። ሰይድ እኔን ይይ።» ተንበረከከና ቫልቮላውን ጫነ። ንፋሱ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ። ጎማው ዝቅ አለ፣ ሰፋ፣ ሆዱ መሬት ነካ። አንዲት ሴት «ውይ፣ ሞተ!» ብላ ጮኸች። መለኪያውን ሳያይ፣ በእጁ ብቻ እየተጫነው፣ በቃ ባለበት ላይ አቆመ።

«ዝም በሉ!» አሉ መምሬ ለሕዝቡ። «እልልም አትበሉ፤ በድምፅም አትጸልዩ። ልጅቷ ትስማ።»

ያንን ዝምታ እንዴት ልጻፈው? ያ ሁሉ ሰው፣ እማሆይ ወለተ ሐና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፣ ካህናቱ ከነጥላቸው፣ ሁሉም የአንዲት የጎማ ጠጋኝ ልጅ መዳፍ ያያሉ። ሞተሩ አጉረመረመ። ጎማው ቄጠማውን አልረጨውም፤ ተኛበት፣ በጥፍሩ ጨበጠው፣ ተጎተተ። አባቴ ዓይኑን ከነጩ መስመር ሳይነቅል፣ ከጎማው ጎን የኋሊት ይራመዳል። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ደወሉ ውስጥ ያ ትልቅ ነገር ነበር፤ አለ፤ ግን ተኝቷል። ትንፋሹን እንኳ አጣሁት። አንድ ጊዜ ሞቷል ብዬ ፈራሁ፤ መዳፌን ጫን ሳደርግ፣ ከሩቅ፣ ከጥልቅ፣ እንደ ሰው ልብ ያለ ነገር መለሰልኝ። የራሴ ይሁን የሱ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዓይኔን ስገልጥ የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ነን። ነጩ መስመር አልተሰበረም። ሕዝቡ እልል ማለት እንዳለበት ረስቶ ቆሞ ቀረ።

የገብርኤል ዕለት ጠዋት፣ ደወሉ ተባርኮ ከወይራ ምሰሶ ላይ ተሰቀለ። ሰይድ ከቅጥሩ ውጭ ለመልስ ጉዞ ጎማዎቹን እየነፋ ነበር። ጠዋት የሚበላው ይዤለት ወጥቼ አጠገቡ ቆሜያለሁ። መምሬ የመጀመሪያውን መቱ።

ምን ልበል። ገሉን ሲሰማ ላደገ ጆሮ! ድምፁ ወጥቶ አላለቀም፤ ገደሉን ተሻግሮ፣ ማዶውን ነክቶ፣ ገና የመጀመሪያው ሳይመለስ ሁለተኛው ደረሰበት። ማዳመጥ አልነበረም፤ ውስጡ መቆም ነበር። ሰይድ ንፋሱን ዘግቶ ደኅናውን ጆሮውን ወደ ቅጥሩ መልሷል፤ ግን ፊቱ የተጨነቀ ነው። ራሱን አላመነም።

«ሙሉ ነው?» አለኝ። «ስንጥቅ የለውም? እውነቱን ንገሪኝ።»

«ሙሉ ነው፣ አያ ሰይድ።»

«አልሃምዱሊላህ» አለ። ወደ ጎማው ተመለሰ። ቫልቮላዋን በጣቱ ይፈልጋል፤ ያጣታል፤ እንደገና ይፈልጋል። ቱቦውን ከእጁ ወስጄ እኔ ገጠምኩለት።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ ሰይድም እንዲሁ። እዚህ የምናስቀድስበት ቤት የተከራየነው ነው፤ ደወል የለውም። ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ ስልክ ነው። ልጅ ሳለሁ ጸሎቴ አንድ ነበር፤ አጽናኝ፣ አጠንክረኝ፣ እንደ አለት አድርገኝ። አገሬም ያስተማረችኝ ይህንኑ ነው። ከዚያ ዳገት በኋላ ግን ያው ጸሎት አፌ ላይ ሲመጣ ትንሽ እቆማለሁ። የተሸከምኩትን የሚያውቅ እርሱ ነው፤ መንገዱንም፣ ብርዱንም። ስለዚህ ልኩን አንተ እወቅልኝ እላለሁ። አንዳንድ ዓመት አጠንክሮኛል። አንዳንድ ዓመት፣ በተለይ ከአገር በወጣሁ ሰሞን፣ ያንን «ሽሽሽ» በራሴ ውስጥ ሰምቼዋለሁ፤ አለቅሁ፣ ሞትኩ ብዬ ነበር። ለካ ዳገት እየወጣሁ ኖሯል።

አዛውንቱ አሁንም ስልካቸውን እያዩ ነበር። «ምን ይመስልሻል?» አሉኝ፤ እንደ ቀልድ።

«ምን ጭነዋል?»

ግራ ገባቸው። «ምንም። እሷን ብቻ» አሉ፤ በአገጫቸው ወደ ኋላው ወንበር እያሳዩ።

ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ሰብስቤ ተንበረከክሁ። መዳፌን ጎማው ላይ አደረግሁ፤ ፀሐይ ስታሞቀው ውላለች፤ ጠንካራ ነው። «እንግዲያው ገና ነው» አልኳቸው። «ትንሽ ያስተንፍሱት።» እሳቸው ሲጫኑ እኔ በእጄ እጠብቃለሁ። ሰፋ አለ። «በቃ።»

ገብተው አስነሡት። አስፋልቱ የሚያልቅበት ጋ፣ አሸዋው ከመጀመሩ በፊት፣ አንድ የተሰበረ የድንጋይ ጠርዝ አለ። ቆሜ አየሁት። የፊቱ ጎማ ጠርዙን አቅፎ ወጣ፤ የኋላውም ተከተለው። በመስታወቱ ውስጥ ትንሿ ራስ ወዲያና ወዲህ ዘንበል አለች፣ ተመልሳም ረጋች። ልጅቷ ከእንቅልፏ አልተነሣችም።